ሦስት ፊደል ስለ ተረፈበት ሣጥን የተደረገ ስብሰባ

የካቲት 18 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ከቁይ በላይ ባለው የአርበኞች ሰፈር፣ ከትልቁ ሾላ ሥር። የፊታውራሪ ወልደ ሩፋኤል የኪስ ሰዓት ስድስት ሰዓት ይላል። የኪስ ሰዓቱ ግን ከጥምቀት ወዲህ ቆሞ ስለ ቀረ፣ በጥላ ተለክቶ ሦስት ተኩል ተብሏል።

የተገኙ፦ ፊታውራሪ ወልደ ሩፋኤል ሰብሳቢ፣ ግራዝማች እንዳላማው፣ መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ከዲማ፣ ነጋዴው አቶ አብዱልቃኒ፣ እኔ ጸሐፊው አወቀ። የእግሬ ቁስል ስላላስቆመኝ ተቀምጬ እንድጽፍ ተፈቅዶልኛል።

ያልተገኙ፦ ባላምባራስ ፈንታ። ቡሬ በኩል ከጣሊያን ጋር እየተዋጉ ነው ቢባልም፣ ምክንያቱ አስቀድሞ በጽሑፍ ስላልቀረበ አልተያዘላቸውም። ከስድስት አምስት በመገኘታችን ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል።

አንደኛ ጉዳይ፤ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ምን ይባላል?

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ እንግሊዞች ከሱዳን በኩል የላኩት የታሸገ ሣጥን ትናንት በበቅሎ ደርሷል። መንገድ ላይ የአውሮፕላን ቦምብ ስላገኘው ጽሑፉ ተቃጥሎ «ኤም፣ ኢ፣ ዲ» የሚሉ ሦስት ፊደላት ብቻ ተርፈዋል። ጭኖ ያመጣው ሰው የያዘውን አያውቅም። ጠላት ያስገባው መርዝ ሊሆንም ስለሚችል፣ ስሙ ያልታወቀ ዕቃ አይከፈትም ብለው አዘዙ።

ወይዘሮ ሥራነሽ አባል ሳይሆኑ ፊታችን ቀርበው፣ ባላቸው ሙላት እግሩን በጥይት ተመትቶ ቁስሉ ካመረቀዘ ሦስት ቀን እንደ ሆነው፣ እንቅልፍ እንደሌለው፣ ሣጥኑ መድኃኒት ቢሆንስ ብለው ቶሎ እንዲከፈት ለመኑ። ጉባኤው ማዘኑን ገልጾ፣ ጥያቄው ተራውን እንዲጠብቅ ነገራቸው። የሙላት ማቃሰት እስከ ሾላው ድረስ ይሰማ ነበር።

ከመካከላችን እንግሊዝኛ የሚሞክሩት አቶ አብዱልቃኒ ብቻ ስለ ሆኑ፣ ሦስቱ ፊደላት የሚገኙባቸውን ቃላት እንዲያወጡ ታዘዙ። እርሳቸውም ገዳሪፍ ሐኪም ቤት ሁለት ወር ታመው ሲተኙ ጠርሙሱ ላይ ያዩት «ሜዲሲን» መድኃኒት ማለት እንደ ሆነ፣ ይኸም እርሱው እንደ ሆነ ተናገሩ። መሪጌታ ግን ቅኔ ቤት ገና የገባ ተማሪ እንኳ መጀመሪያ የመጣለትን ቃል እንደማይቀበል ገልጸው፣ ሌላ እንዲፈለግ አሳሰቡ። በጉባኤያችን ልማድ ቃል የሚጸድቀው እንደ ቅኔው «ይበል!» ሲባልለት ነው። ለሜዲሲን ይበል ያለ አልተገኘም።

ቀጥሎ፣ የፊደሉ ተራ ቢዛነፍም፣ «ሜድ» ቀረበ፤ የተሠራ ማለት ነው ተባለ። ግራዝማች እንዳላማው፣ ሣጥን መሠራቱን ያለ እንግሊዝኛም እናውቃለን ብለው ጣሉት። በመጨረሻ «ሜዳል» ተባለ። ትርጉሙ ሲጠየቅ፣ ደረት ላይ የሚንጠለጠል ኒሻን መሆኑ ታወቀ። ፊታውራሪም፣ ግራዝማችም፣ መሪጌታም ባንድ አፍ «ይበል!» አሉ። እኔም ብያለሁ፣ ምን ይደበቃል።

ውሳኔ፦ ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ሣጥኑ የእንግሊዝ ንጉሥ የላኩልን ኒሻን መሆኑ በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ።

ሁለተኛ ጉዳይ፤ ኒሻኑ ለማን ለማን?

ሰብሳቢው ትልቁን ለመቀበል ማንም ሳይለምናቸው ተስማሙ። ግራዝማች እንዳላማው፣ ፊታውራሪ ባለፈው ውጊያ ከኋላ ሆነው ማዘዛቸውን በአክብሮት አስታወሱ። በዚህም በተነሣው ግፊያ፣ ግራዝማችና ቆባቸው ከሾላው በታች ካለው ገደል እስኪወጡ ድረስ ስብሰባው ተቋረጠ። ለሙላትም አንድ ይታሰብለት የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ የተኛ ሰው ደረት ለማን ይታያል ተብሎ እስኪነሣ በቀጠሮ ተያዘ።

አቶ አብዱልቃኒ «ይበል ቁስል አያደርቅም» ብለው፣ ለሶላት ፈቃድ ጠይቀው ወጡ። ወይዘሮ ሥራነሽ ክርስቲያን ቢሆኑም ተከተሏቸው። ሶላቱ ከወትሮው መርዘሙ ተመዝግቧል።

ሦስተኛ ጉዳይ፤ ሣጥኑን ማን ይክፈት?

በዚህ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተከራከርን። ሁሉም እኩል እጁን እንዲያሳርፍ ተወስኖ፣ ፊታውራሪ ካባቸውን ደርበው፣ ሣጥኑ ወዳለበት ተሰልፈን ሄድን። ሣጥኑ ተከፍቷል። ከሙላት ጎጆም ድምፅ የለም። ፊታውራሪ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔም ያን ይበል ማለቴ ጸጸተኝ።

ጎጆው ገብተን ስናይ ሙላት እግሩ ታጥቦ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ያንኮራፋል። አቶ አብዱልቃኒ ጠርሙስ ይደረድራሉ። ፊታውራሪ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ምናልባት ከሣጥኑ ሥር የሚያብረቀርቅ ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ሥራነሽ ቀና እንኳ ሳይሉ መለሱ፦

«ኒሻን የለም። ቁስል ያለው ይግባ።»

የመጨረሻ ውሳኔ፦ እዚያው ደጃፍ ላይ ቆመን፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፣ ሣጥኑም ከጧት ጀምሮ መድኃኒት እንደ ነበረ እንዲታወቅ በሙሉ ድምፅ ተስማማን። ይበል ያለ ግን የለም። ስብሰባው ዘጠኝ ተኩል ላይ ተበተነ። ግራዝማች ገደሉ የላጠውን ክርናቸውን ይዘው ቀድመው ገቡ፤ እኔም የእግሬን ጨርቅ ፈትቼ ከኋላቸው ተራ ይዣለሁ።