ጉም በሰው ቁመት

ጥበብ በክንድ እንደምትለካ በኮልካታ ከሁሉ ቀድመው የተረዱት ሂመንዱ ባቡ ናቸው። «ባቡ» በእኛ «ጋሼ» እንደ ማለት ነው፤ እሳቸውም ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው። የሁግሊን ወንዝ የማለዳ ጉም ዐሥራ አራት ዓመት ፎቶ አንስተዋል፤ የሰፈሩ የፎቶ ማኅበርም ዐሥራ አራቱንም ዓመት ከኤግዚቢሽኑ ሲጥላቸው ኖሯል። ጉዳዩን በጥልቀት አጠኑት። ጥፋቱ የጉሙም የእሳቸውም ሳይሆን የወረቀቱ ማነስ ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ አንድ የተዘጋ ስቱዲዮ ለሽያጭ ያቀረበውን፣ አልጋ የሚያህል ያገለገለ የፎቶ ማተሚያ ሊገዙ ሄዱ።

«ብዙ ሠርታለች?»

«ኧረ በጭራሽ! ዓመት ከመንፈቅ ማንም ነክቷት አያውቅም» አለ ሻጩ፣ ልጁን እንደሚድር አባት።

ባለሙያ ቢሆን ኖሮ «ቀለሟ ደርቆ ተደፍናለች» ብሎ ይሸሽ ነበር። ሂመንዱ ባቡ ግን ደስ አላቸው።

ማተሚያዋ በአራት ተሸካሚ ቤት ደረሰች። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው መሬት ሲለኩ የኖሩት ሰው የገዛ በራቸውን አልለኩም ነበር። መስኮቱ ከነፍሬሙ ተነቀለ። ባለቤታቸው ሱላታ ዘፈን የምታስተምርበት ክፍል ለጥበብ ተሠዋ፤ ተማሪዎቿም ደረጃው ላይ ተደርድረው ማንጎራጎር ያዙ።

«እኔስ የት ልግባ?»

«ታሪክ እየተሠራ ነው፣ ሱላታ።»

«ታሪክ በመስኮት ነው እንዴ የሚገባው?»

የኤግዚቢሽኑ ማስገቢያ በሚዘጋበት ዕለት ጉሙ በሰው ቁመት ታትሞ ወጣ። ግን ቀለም ያልደረሰበት ነጫጭ መስመር ከላይ እስከ ታች ወርዶበታል። ሂመንዱ ባቡ እንባቸው መጣ። ሌላ ለማተም ጊዜ ስላልነበረ ጠቅልለው፣ እንደ ጥፋተኛ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ማኅበሩ ወሰዱት።

ሊቀመንበሩ ፕራዱት ባቡ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፤ አንድ እርምጃ ወደ ፊት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ ዝናብ አይደለም» አሉ። «የዝናብ ትዝታ ነው።»

እስከዚያች ደቂቃ ምንም ያልታያቸው አባላት ወዲያው ታያቸው። ለሂመንዱ ባቡ አንደኛ ሽልማት ተሰጣቸው፤ የአበባ ጉንጉን አንገታቸው ላይ ዋለ።

ሂመንዱ ባቡም አሰቡ፦ ታማ እንዲህ የሠራች፣ ብትድን ምን ልታሳይ ነው! መካኒኩን ሻምሱልን አስጠሩ። እሱም ሁለት ቀን ሙሉ ጎንበስ ቀና ብሎ ጠገናት። ለቀጣዩ ኤግዚቢሽን የወጣው ጉም የውኃውን ጠብታ ሳይቀር ያሳያል።

ፕራዱት ባቡ አዩና አዘኑ። «ምን ነካዎት ወንድሜ? ይሄ እኮ ጉም ነው!»

«አዎ፣ ጉም ነው።»

«እሱን ነው የምልዎት!»

ሂመንዱ ባቡ ከዚያው በቀጥታ ወደ ሻምሱል ሮጡ። «እንደነበረችው አድርገህ አበላሽልኝ!»

«ዳዳ፣ እኔ የተማርኩት መጠገን ነው» አለ ሻምሱል፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ማበላሸቱ የባለቤት ፋንታ ነው። ይሸፍኗትና ቀለሟ እንዲደርቅ በጋው እስኪያልፍ እንዳይነኳት።»

በማግስቱ አንድ የማኅበሩ አባል ሊጠይቃቸው ብቅ ቢል፣ ሂመንዱ ባቡ በአንሶላ ከተሸፈነችው ማተሚያ ፊት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ተቀምጠዋል።

«ምነው፣ ሥራ ፈቱ እንዴ?»

«ቀስ ብለህ ተናገር» አሉት። «እያተምኩ ነው።»