የጋሼ ደምሴ ሜዳሊያ

በቅድመ አያቱ የሚጀግን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ መካነ ሰላም ብቅ በሉና ጋሼ ደምሴን ጠይቁ። ሠርግ ይሁን ተዝካር፣ ኮታቸው ላይ የብር ሜዳሊያ ሰክተው ከቄሶቹ ቀጥሎ ይቀመጣሉ። ሜዳሊያው ላይ የእንግሊዝ ንግሥት አለች። ቅድመ አያታቸው መቅደላ ላይ ከአንድ እንግሊዛዊ ወታደር ደረት የገነጠሉት ነው ይላሉ። ለዚያ ጀግንነት ይኸው እስከ ዛሬ የድግሱ ትልቁ ቅልጥም የሚቀርበው ለእሳቸው ነው። ሟቹ ቢዋጉም በላተኛው እሳቸው ናቸው።

እኔ ደግሞ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ዝም ብሎ መብላት አልሆነልኝም። ባለፈው አንድ ሠርግ ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ ሜዳሊያውን ገልበጥ አድርጌ አየሁት። በጀርባው የባለቤቱ ወታደር ስም ተቀርጾበታል። ጉሮሮዬን ጠረግሁና ዳሱ ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ ይህ ሜዳሊያ የተሠራው እኮ ጦሩ መቅደላን ለቆ አገሩ ከገባ በኋላ፣ እዚያው እንግሊዝ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ደረቱ ላይ ያደረገው አንድም ወታደር አልነበረም።»

የዳሱ ሰው ሁሉ ወደ ጋሼ ዞረ። እውነቴን ነው፣ ትንሽ አዘንኩላቸው። ጋሼ ደምሴ ግን ቅልጥማቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡና እንደ ሰነፍ ተማሪ አዩኝ።

«አብሽር ልጄ፣ አንተም ዘግይቶ ገባህ። ሜዳሊያውን ገና ሳይሠራ የማረከ ሰው ምን ዓይነት ጀግና ይመስልሃል?»

ሽማግሌዎቹ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። አሳላፊው ለጋሼ ሁለተኛ ቅልጥም ጨመረላቸው፤ ከእኔ ሳህን አንስቶ።