ቀያሹ አቶ ዓምደ ሚካኤልና ግማሽ ጥፋት

አጥፍቶ የማያውቅ ሰው በየሰፈሩ አንድ አለ። ዝናብ ቢያበሰብሰው ጥፋቱ የደመናው ነው፤ ድንጋይ ቢያደናቅፈው ድንጋዩ ያለቦታው ተቀምጦ ነው። የባሕር ዳሩ ተጠሪ ጡረተኛው ቀያሽ፣ ክቡር አቶ ዓምደ ሚካኤል ናቸው። አርባ ዓመት መሬት ሲለኩ ኖረው ጡረታ ቢወጡም ሜትራቸው ከኪሳቸው አልወጣችም። ክርክር በተነሣ ቁጥር ይመዟትና «ልኬቱ ይናገር!» ይላሉ። ልኬቱ እስኪናገር ግን የሚናገሩት እሳቸው ናቸው።

ለቅሶ ቤት ሄደው፣ ድንኳኑ ጎረቤት ግቢ ሁለት ክንድ ገብቷል ብለው ለቀስተኛውን አስነሥተዋል። ወደ አንበሳሜ ሲሄዱም መቀመጫው ጠበበኝ ብለው አውቶቡሱን መንገድ ዳር አስቁመዋል። ተሳፋሪው ፀሐይ ላይ ቆሞ ውጤቱን ሰማ፦ ሦስት ጣት ይጎድላል።

የኮሌጅ መምህርቷ አገርነሽ እኒህን ሰው ያወቀቻቸው በጀርባዋ ነው። አንድ ቅዳሜ ጣና ዳር፣ ከአንድ መዝናኛ የመኪና ማቆሚያ፣ እሷ ወደኋላ ወጣች፤ እሳቸውም ከወዲያኛው ረድፍ ወደኋላ ወጡ። መካከል ላይ ጓ! ሐይቁ ዳር የቆሙት ወፎች ሁሉ ብር አሉ።

«ያጠፋችሁት ሁለታችሁም ናችሁ» አሉ ዘበኛው።

«ሁለታችሁም ማለት ምንድን ነው?» አሉ አቶ ዓምደ ሚካኤል፣ ገና ከመኪናቸው ሳይወርዱ። «ጥፋት እንደ ዳቦ ይቆረሳል? ባለቤት አለው!»

አገርነሽ ልቧ እውነቱን ያውቃል፦ መስታወቱን አይታለች፤ ያየችው ግን ጸጉሯን ነበር። ዳሩ ምን ታድርግ? መኪናው ሐሙሲት ከተማ የሚነግደው የታላቅ ወንድሟ የብሥራት ነው። ብሥራት የተጨረመተውን መኪና ወሰደና «ፍርድ ቤት አላጠፋሽም ካለሽ ትወስጃለሽ» አላት። እናቷ ደግሞ ጉልበታቸውን ታመዋል፤ ሕክምና የምታመላልሳቸው በዚያው መኪና ነበር። ስለዚህ አቶ ዓምደ ሚካኤል ሲከሷት እሷም መልሳ ከሰሰቻቸው።

ሰባት ወር ተሟገቱ። እሳቸው የራሳቸውን መኪና «ማስረጃ ናት» ብለው አላስጠገኗትም፤ በየቀጠሮው በእግራቸው፣ አልጋ ልብስ የሚያክል ንድፍ ተሸክመው ይመጣሉ።

«አባት፣ ሐይቁን መሣል ለምን አስፈለገ?» ብላ ጠየቀች ዳኛዋ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሰሜን የት እንደሆነ ሳይታወቅ ጥፋት አይታወቅም።»

በመጨረሻ ቦታው ይለካ ተባለ። በዕለቱ የመጣው ትራፊክ ፖሊስ የግጭቱን ነጥብ በቀለም ምልክት አድርጎበት ነበርና አሁንም ይታያል። አቶ ዓምደ ሚካኤል ተንበረከኩ። የሜትሩን ጫፍ የሚይዝ ሰው ሲያጡ ለተከሳሿ ሰጧት። ለኩ። እንደገና ለኩ። ሦስተኛ ከለኩ በኋላ «ልቀቂው፣ ልጄ» አሉና አቧራቸውን ሳያራግፉ ሄዱ።

በማግሥቱ ችሎት ፊት ቆሙ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ለካሁ። መካከለኛውን መስመር ሰባ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያለፍሁ እኔ ነኝ። ጥፋቱ በሙሉ የእኔ ነው።»

አገርነሽ ዝም ብትል ነጻ ናት። ግን ሽማግሌው ንድፋቸውን መጠቅለል ሲጀምሩ አየችና ከአፏ አመለጣት፤ «እኔም ወደኋላ አላየሁም፤ ጸጉሬን ነበር የማየው።»

ዳኛዋ ጥፋቱን እኩል ለሁለት ከፈለችው። አቶ ዓምደ ሚካኤል ጮኹ። «ግማሽ? የለካሁት ሙሉ ነው! ይግባኝ እላለሁ!»

«አባት፣ ይግባኝ የሚሉት ጥፋት ስለቀነስሁልዎት ነው?»

«አዎ!»

ውጭ ደረጃው ላይ አገርነሽ ስታለቅስ አገኟት። የወንድሟንና የእናቷን ነገር ነገረቻቸው። «ተነሽ» አሏት።

ሐሙሲት በሚኒባስ ሄዱ። በብሥራት ሱቅ ባንኮኒ ላይ ንድፋቸውን ዘርግተው ሁለት ሰዓት ሙሉ ተከራከሩላት። ሊገዛ የመጣው ሁሉ ንድፉን አይቶ ተመለሰ። «እህትህ ያጠፋችው ግማሽ ነው፤ ያውም እኔ ሳልስማማ!» ይላሉ። ብሥራት ስለ ፍርዱ ሊጠይቅ ቢሞክር ሰሜን የት እንደሆነ ያሳዩታል። በመጨረሻ ቁልፉን አወጣ። «አባቴ፣ መኪናውንም ይውሰዱ፣ እህቴንም ይውሰዱ፤ ሱቄን ብቻ ይተዉልኝ!»

መኪናው ጓሮ ነበር፤ መውጣት የሚቻለው ወደኋላ ነው። አቶ ዓምደ ሚካኤል ሄደው ከኋላዋ ቆሙ፤ ሁለት እጃቸውን አነሡ። «ነይ... ነይ... ቁሚ! ትንሽ ወደ ቀኝ... ነይ!» መውጫው እንኳን የቤት መኪና የጭነት መኪና ያሳልፋል። አገርነሽ በአንድ ጊዜ ልትወጣ ትችል ነበር። መስኮቷን ዝቅ አድርጋ ድምፃቸውን እየሰማች፣ ስንዝር በስንዝር፣ ሩብ ሰዓት ፈጅታ ወጣች።