በሩ ላይ የቆመችው እህት

አዲስ ሕፃን የተወለደበት ቤት ስትገቡ ዓይናችሁ ወዴት እንደሚሄድ ታውቁታላችሁ። ወደ አልጋው ነው። እዚያ የተጠቀለለው ፍጥረት ገና ሰው መለየት አልጀመረም፤ እናንተ ግን ትስቁለታላችሁ፣ ትመርቁታላችሁ፣ አፍንጫው የማን እንደሆነ ትከራከራላችሁ። እግራችሁ ሥር ደግሞ እስከ ትናንት ድረስ የቤቱ ንጉሥ የነበረ ሌላ ልጅ ቆሟል። እሱን በእጃችሁ ገለል አድርጋችሁ ታልፋላችሁ። አትካዱ፤ እኔም አድርጌዋለሁ።

ያደረግኩት እዚሁ ሰቆጣ፣ የጎረቤቴ የቄስ ሞላ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና የተነሣ ዕለት ነው። ገለል ያደረግኳት የአምስት ዓመቷን እህቱን፣ ብርቄን ነው። ብርቄን ባታውቋትም ድምፅዋን ሳትሰሙት አልቀራችሁም። በአማርኛም በኽምጣናም ስትለፈልፍ ኒሯቅ ከተማ ድረስ ይሰማል፤ ስታለቅስ የወልድያው አውቶቡስ ሹፌር ተሳፋሪ የቀረ መስሎት ፍሬን ይይዛል። ምስክር መጥራት እችላለሁ።

ከክርስትናው ማግስት ጀምሮ ግን ያቺ ልጅ ዝም አለች። ምግብ ቀነሰች፣ መኝታዋን ማርጠብ ጀመረች፣ እናቷ ስትጠራት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

ጎረቤት ምክር አያጣም። «ቅናት ነው፤ አንድ ሁለት አለንጋ ይበቃታል» ያለም ነበር። (እኔ ነኝ ብል ትታዘቡኛላችሁ፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ነው።) ቄስ ሞላ፣ ጢማቸው ከራሳቸው ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን የሚደርሰው ሰው፣ ጥምጥማቸውን አውልቀው መሬት ቁጭ አሉ።

«ብርቄ፣ ምን እንጫወት?»

በማግስቱም ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን፣ ልጠይቃቸው ገብቼ ሳለሁ፣ ልጅቷ አፏን ፈታች።

«ክርስትና።»

ቄሱ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። «ጥምቀቱ አይጫወቱበትም፣ የኔ እመቤት። ድግሱን እንጫወት።»

«እሺ። ሕፃኑ አንተ ነህ። ተኛ።»

ተኙ። በዓይኔ በብረቱ አየሁ፤ ያ ሁሉ ጢም በነጠላ ተጠቅልሎ «እኝ፣ እኝ» እያለ አለቀሰ። ብርቄ ወደ እኔ ዞረች።

«አባባ፣ እርስዎ እህትየዋ ነዎት። በሩ ላይ ይቁሙ።»

«ቆሜስ ምን ላድርግ?»

«ምንም። ማንም አያይዎትም።»

ቆምኩ። ብርቄ እየወጣች፣ ሌላ እንግዳ እየሆነች ትገባለች፤ ሕፃኑን ትስማለች፣ «አቤት ሲያምር» ትላለች፣ ከባዶ ሰሐን ትጎርሳለች። በገባች ቁጥር እኔን በክንዷ ገለል ታደርገኛለች። በአራተኛው ጊዜ፣ ቀልዴን አይደለም፣ ከፋኝ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው በጨዋታ እንደሚከፋው አላውቅም ነበር።

እናቷ ጌጤ ሕፃኑን ታቅፋ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ምነው ጋሼ፣ በር ላይ ቆሙ?»

«እህትየዋ ነኝ። ማንም አላየኝም።»

ጌጤ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ቆመ። ልጇን አየቻት። ሕፃኑን ለባለጢሙ ሕፃን አስታቀፈችና ቁጭ ብላ ብርቄን ጭኗ ላይ ሳበቻት። «አላየሁሽም ነበር፣ የኔ ልጅ» አለች። ብርቄ አለቀሰች፤ ያንን አውቶቡስ የሚያስቆመውን የድሮውን ለቅሶ። እንደዚያ ደስ ያለኝ ጩኸት የለም።

እኔ ልጆቼን ሳሳድግ ስንት አርጩሜ ቆርጬ ያላገኘሁትን፣ ቄሱ በጀርባቸው ተኝተው አገኙት። ይህን እያሰብኩ፣ ለካ በሩ ላይ ተረስቻለሁ። በኋላ ብርቄ ከእናቷ ጭን ወርዳ፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ መጥታ እጄን ያዘችኝ።

«ነይ፣ አንቺም ግቢ።»

ገባሁ።