ስልጠና የወሰዱት መደርደሪያዎች

«ተሳስታችኋል፤ እኔ ባለጉዳይ ነኝ» አልኳቸው። ትናንት ሌሊት በሕልሜ ነው። ስለ ቤቴ ካርታ ልጠይቅ ቢሮ ሄጄ ተራ ልይዝ ስቆም፣ ሠራተኞቹ ሁሉ ከኋላዬ ተሰለፉ።

«እኛም የምንፈልገው ባለጉዳይ ነው» አለችኝ አንዷ። «ከጠዋት ጀምሮ ያስተናገደን የለም።»

ጥያቸው መዝገብ ቤት ገባሁ። ጎረቤቴ አየለች አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችው እዚያ ነው። ትናንት በእውኑ፣ የሥራ አፈጻጸሟ «ዝቅተኛ» ተብሎ ተለጥፎባት፣ ተናዳ መልቀቂያ አስገብታ ነበር የመጣችው። ምክንያቱ ስልጠና አለመውሰዷ ነው። ስልጠና ያልወሰደችው ደግሞ እሷ ከሌለች ፋይል የሚያገኝ ስለማይኖር «አንቺማ ቅሪልን» እየተባለች ነው። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ አሠራሩ ያልገባኝ በዚያ ይሆናል።

በሕልሜ ስልጠና የተላኩት መደርደሪያዎቹ ነበሩ። አዳማ ሦስት ቀን ሰንብተው፣ የስልጠና ቦርሳ አንግተው ተመለሱና ፋይል አንይዝም አሉ።

«መያዝ ድሮ ቀረ» አለ ትልቁ መደርደሪያ። «ከእንግዲህ እናስተባብራለን።»

ስለዚህ ኃላፊው አቶ ደምስ እጃቸውን ዘርግተው፣ ፋይሉን እስከ አገጫቸው ተሸክመው ቆመዋል። የእሳቸውን አሥራ አራት የስልጠና ምስክር ወረቀት አንዲት ፍየል እያኘከች ትመረምራለች።

«ሁሉም ጣዕሙ አንድ ነው» አለች።

አየለች በእሳቸው ወንበር ተቀምጣ ትመዝናቸዋለች።

«ደምስ፣ የባለጉዳዩ የጋሽ ሙላት ፋይል የት አለ?»

«በፋይል አያያዝ ሰልጥኛለሁ።»

«የት አለ ነው ያልኩህ።»

ዝቅተኛ ልትሰጣቸው ነው ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል፣ ተነስታ አጠገባቸው ቆመች። «የቆየው ከታች፣ አዲሱ ከላይ ነው። ቀይ ክር የታሰረበት የሞተ ሰው ነው፤ ቤተሰቡ ሲመጣ አታቻኩላቸው» እያለች አንድ በአንድ አሳየቻቸው።

የአቶ ደምስ ዓይን እንባ አቀረረ። «እንዲህ ብሎ ያሳየኝ ሰው የለም» አሉ። «ለመሆኑ አንቺን ማን አሳየሽ?»

አየለች ልትመልስ አፏን ስትከፍት የስልክ ጩኸት ወጣ።

ነቃሁ። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ስልኩ የሚጮኸው አየለች ግቢ ነው። በአጥሩ ብቅ ብል፣ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ልብስ ታሰጣለች።

«አታነሺውም እንዴ?»

«አቶ ደምስ ናቸው። ሲደውሉ አራተኛ ጊዜያቸው ነው።»

«ቅሪልን ሊሉሽ ይሆናላ» አልኩ፣ ደስ ብሎኝ።

«የለም፣ መልቀቂያዬን ተቀብለዋል። ግን የግል ማኅደሬ ጠፋባቸውና መፈረም አልቻሉም። መጥተሽ ፈልጊልን ነው የሚሉኝ።»

«ታዲያ ምን አልሻቸው?»

አንሶላውን አራገፈችና ገመዱ ላይ ዘረጋችው።

«ስልጠናው የለኝም አልኳቸው።»