ሻይ ሲቀርብ የወደቀችው ባንዲራ

በግብፅ የታንታ ከተማ ቼዝ ወዳጆች ማኅበር ኮሚቴ ሐሙስ ማርች 12 ቀን 1987 እ.ኤ.አ. ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ በሙዐሊም ሐነፊ ሻይ ቤት የኋለኛው ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰበ።

የተገኙ፦ ሰብሳቢው ኡስታዝ ሪፍዓት፣ ባለሻይ ቤቱ ሙዐሊም ሐነፊ፣ ባለመድኃኒት ቤቱ ዶክተር ሸውቂ፣ አርባ ዓመት ለባቡር ምልክት ሲሰጡ ኖረው ጡረታ የወጡት ሐጅ በዩሚ፣ ጸሐፊው ለቢብ።

ያልተገኘ፦ የቼዝ ሕግ መጽሐፉ። የሰብሳቢው አማች ተውሶ ዛጋዚግ ወስዶታል። መጽሐፍ ድምፅ ስለማይሰጥ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ስብሰባ ስለማሳጠር። ባለፈው ጊዜ ስለ ወንበር ትራስ ብቻ አራት ሰዓት መፈጀቱ ተወሳ። የቼዙ ሰዓት በሠላሳ ደቂቃ ተሞልቶ ጠረጴዛው ላይ እንዲቀመጥ፣ ጊዜው ሲያልቅ በሰዓቱ ገጽ ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ ባንዲራ ወድቃ “ወደቀች” የሚል አባል ከተገኘም ከወደቀችበት ደቂቃ ወዲህ የተወሰነ ሁሉ ፈራሽ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ያለፈው ቅዳሜ ጨዋታ። ወደ ኢስማዒሊያ ለሚሄደው ቡድን የቀረው አንድ ቦታ ነው። ሐጅ በዩሚ ሲመኙት አሥራ ሁለት ዓመታቸው። ቅዳሜ ለዚሁ ቦታ ከዶክተር ሸውቂ ጋር ሲጫወቱ እሳቸው ንግሥት ነበረቻቸው፤ ለዶክተሩ የቀራቸው ንጉሥ ብቻ ነበር። በአንድ እርምጃ ንጉሡን መውጫ አሳጥተው ማት ሊሉ ሲሉ ሻይ መጣ። ዶክተሩ አንዴ እጃቸው በሻይ ከተቃጠለ ወዲህ፣ በማኅበሩ ደንብ ሻይ ሲቀርብ እጅ ከሰሌዳ ይነሣል። ሐጅ እጃቸውን አነሡ፤ አስተናጋጁ ስኳር ሲያማስል ባንዲራቸው ወደቀች፤ ዶክተሩም “ወደቀች” አሉ።

ዶክተር ሸውቂ ሰዓት ሰዓት ነው፣ አሸንፌያለሁ አሉ። ሐጅ በዩሚ፣ “ዶክተር፣ በአንድ ንጉሥ ማንን ልትማርክ ነው?” ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው፣ ሰዓቱ ያለቀበት ይሸነፋል፤ ባላጋራው ንጉሥ ብቻ ከቀረው ግን ማት ማድረግ ስለማይችል እኩል ወጥተው ይደግማሉ ሲሉ ከትዝታቸው ጠቀሱ። ይህ ሕግ ሁለቱንም እኩል አስቆጣ። ሙዐሊም ሐነፊ፣ “ሻዬን አትንኩብኝ፤ ሻዬ ሰው አሸንፎ አያውቅም” ማለታቸው ተመዘገበ። ዶክተሩ፣ “ሐጅ፣ እርስዎ እኮ ባቡር ካላለፈ እጅዎ አይነቃነቅም” ማለታቸው፣ ሐጅም፣ “አርባ ዓመት አንድ ባቡር አላጋጨሁም፤ አንተ ግን ለጉልበቴ የሳል ሽሮፕ ሰጥተኸኛል” ማለታቸው ከአጀንዳ ውጪ ስለሆነ አልተመዘገበም።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ሻይ ሲቀርብ ሰዓቱም እንዲያርፍ፣ ይህም ወደ ኋላ ሄዶ ቅዳሜን እንዲጨምር፣ ሐጅ በዩሚም አሸናፊ ተብለው ኢስማዒሊያ እንዲሄዱ በሦስት ድምፅ ተወሰነ። ሐጅ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ጸሐፊው ደስ ብሎታል።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ። ጸሐፊው ውሳኔውን ለማንበብ መዝገቡን ከጠረጴዛው ሲያነሣ ሐጅ በዩሚ ሰዓቱን አይተው፣ “ወደቀች” አሉ። ባንዲራዋ ከውሳኔው በፊት ወድቃ ኖሯል። ሰብሳቢው፣ “ሐጅ፣ ዝም ቢሉስ?” አሉ። ሐጅ፣ “ቀይ እያየሁ ባቡር አሳልፌ አላውቅም” ሲሉ መለሱ። ዶክተሩ ሰዓቱ ፊት ለፊታቸው ሳለ ለምን ዝም እንዳሉ ተጠይቀው፣ “ቅዳሜ አንዴ ‘ወደቀች’ ብዬ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም” አሉ።

ሙዐሊም ሐነፊ አጀንዳ 1 ራሱ ይሰረዝና ሐጅ ይሂዱ ቢሉም ሐጅ እምቢ አሉ። ስለዚህ በአጀንዳ 2 የተወሰነው በሙሉ ፈርሶ፣ ሰብሳቢው በጠቀሱት ሕግ መሠረት ሁለቱ በመጪው ቅዳሜ ሻይ ጠጥተው ሲያበቁ እንደገና እንዲጫወቱ ሆነ።

ስብሰባው ከምሽቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተበተነ። ባንዲራዋ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ስትወድቅ አይቶ ሐጅ እንዳያዩዋት በመዝገቡ የከለላት ጸሐፊ፣ ቃለ ጉባኤው ትክክል መሆኑን በፊርማው ያረጋግጣል።