ቤት ለሚውለው አባት ሥራ የመረጠው ኮሚቴ

ዕለት፦ ቅዳሜ።

ሰዓት፦ ለ7 ሰዓት የተጠራ፣ በ7፡20 የተጀመረ። ወንድምየው "መኪና ማቆሚያ አጥቼ ነው የዘገየሁት" ብለዋል። ጸሐፊው በመስኮት እንዳየው መኪናቸው ከሕንፃው በር ፊት ለፊት ከ6፡50 ጀምሮ ቆማለች፤ እሳቸውም ውስጧ ተኝተው ነበር።

ቦታ፦ ሦስተኛ ፎቅ፣ የጸሐፊው ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ዙሪያ።

የተገኙ፦

1. ሰብሳቢ፦ የጸሐፊው አማት። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። ጡረታ የወጡት ከትምህርት ቤቱ እንጂ ከሰብሳቢነት አይደለም።

2. አባል፦ የጸሐፊው ሚስት፣ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ።

3. አባል፦ የጸሐፊው ታላቅ ወንድም፣ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ። የሰሙትን ሁሉ "ያዋጣል" ስለሚሉ በቤተሰቡ ዘንድ "ያዋጣል" በመባል ይታወቃሉ።

4. ታዛቢ፦ ምድር ቤት ያለው የላውንድሪ ባለቤት። "ንግድ የሚያውቅ የውጭ ሰው ይኑር" ተብለው ተጠርተዋል። ሲፈቀድላቸው ይናገራሉ፤ ድምፅ አይሰጡም።

5. ጸሐፊ፦ ሥራ የሚመረጥለት ሰውዬ ራሱ። መሥሪያ ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ልጁን እያሳደገ ቤት ይውላል። "አንተማ ጊዜ አለህ" ተብሎ ጸሐፊ ተደርጓል። ጸሐፊም ድምፅ አይሰጥም።

6. ሕፃኗ፦ አንድ ዓመት ከስምንት ወር። ድምፅ የላትም ተብሎ ተመዝግቦ ነበር፤ እርማቱን ከታች ይመልከቱ።

ድምፅ ያላቸው ሦስቱም አባላት ስለተገኙ ሰብሳቢዋ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን አረጋግጠዋል። ይህን ለሚያነብ የውጭ ሰው አንድ ማብራሪያ ያስፈልጋል፤ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ያለ ቃለ ጉባኤ የሚሆን ነገር የለም። ጸሐፊውና ሚስቱ እንኳ የተጋቡት በሁለት ለአንድ ድምፅ ነው። የተቃወሙት ሰው ዛሬም ስብሰባውን ይመራሉ።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ያለፈው ቃለ ጉባኤ የተያዘው ሕፃኗ ከመወለዷ በፊት ሲሆን ለክፍሏ መጋረጃ እንዲገዛና ቀለሙን የሚመርጥ ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም ይላል። ሰብሳቢዋ ውሳኔው ከምን እንደደረሰ ጠየቁ። ሚስትየዋ መስኮቱ እስካሁን በጋዜጣ እንደተሸፈነ ገለጸች። ወንድምየው ጋዜጣውም ቢሆን ቢጫ ሆኖ ቀለም እንደያዘ አስረዱ። ቃለ ጉባኤው ጸደቀ።

አጀንዳ 2፦ ጸሐፊው ቤት ውስጥ ሆኖ የሚሠራውን ሥራ መምረጥ

ሰብሳቢዋ ጉዳዩን ሲያቀርቡ፣ "ጓደኞቼ 'አማችሽ ምን ይሠራል?' ሲሉኝ ምን ብዬ ልመልስ? ልጅ ያጥባል ልበል?" አሉ። ጸሐፊው እጁን አወጣ። ጸሐፊ የሚጽፍ እንጂ የሚናገር እንዳልሆነ ተነግሮት እጁን አወረደ። ሰብሳቢዋ ሰዓቱን የመረጡት ሕፃኗ ከ7፡30 እስከ 9፡30 ስለምትተኛ ጸጥታ ይኖራል ብለው መሆኑንም አስታወቁ።

ወንድምየው የመጀመሪያውን ሐሳብ አቀረቡ፤ በረንዳው ላይ ሁለት መቶ ጫጩት ማርባት። ሚስትየዋ በረንዳው ላይ የሕፃኗ ጋሪ እንኳ የሚገባው ጎማው ታጥፎ መሆኑን አስታወሰች። ወንድምየው ጫጩት ትንሽ መሆኑን ገለጹ። ሚስትየዋ ጫጩት እንደሚያድግ ገለጸች። ወንድምየው "ሲያድግማ ያዋጣል" አሉ። ኩሱን ማን ይጠርጋል የሚለው ጥያቄ ሲነሳ አባላቱ በሙሉ ወደ ጸሐፊው ተመለከቱ።

ሁለተኛው ሐሳብ ከሚስትየዋ የቀረበ የሳሙና ሥራ ነበር። ሙያው ስላላት አሠራሩን በዝርዝር ካስረዳች በኋላ ለሳሙናው የሚገባው ኮስቲክ ሶዳ ቆዳ የሚልጥ መሆኑ ላይ ስትደርስ ሕፃኗን ቀና ብላ አየቻት። ሕፃኗ በዚያን ጊዜ የጸሐፊውን እስክሪብቶ እያኘከች ነበር። አቅራቢዋ ሐሳቧን መልሳ ወስዳለች።

ሦስተኛው እንደገና የወንድምየው ሲሆን ለሠርግና ለስብሰባ የሚከራዩ ሦስት መቶ የፕላስቲክ ወንበሮች ሳሎን ውስጥ መደርደርን ይመለከታል። ቤተሰቡ የት ይቀመጣል ተብሎ ተጠየቀ። ወንድምየው "ወንበር አይጠፋ!" ሲሉ መልሰዋል።

በዚህ መሃል ጸሐፊው ሻይ አፍልቶ ቀዳ፤ የሕፃኗን ዳይፐር ቀየረ፤ ሶፋ ሥር የገባውን የሰብሳቢዋን መነጽር በሆዱ ተስቦ አወጣ። ተመልሶ ሲቀመጥም "ሰው ቁጭ ብሎ ሲውል ለጤናውም ጥሩ አይደለም" የሚለውን የወንድሙን አስተያየት መዘገበ።

ታዛቢዋ እጃቸውን አውጥተው፣ "እኔ እንኳ ስለ እሱ ሥራ አንድ የማውቀው ነገር..." ብለው ሲጀምሩ ሰብሳቢዋ የታዛቢ አስተያየት በልዩ ልዩ አጀንዳ ሥር እንደሚደመጥ አስገነዘቡ። ታዛቢዋ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለው ሻያቸውን ጠጡ።

በመጨረሻ ሰብሳቢዋ የራሳቸውን ሐሳብ አቀረቡ፤ የሕፃናት ማቆያ። ጸሐፊው አንድ ልጅ ስለሚጠብቅ አሥር መጨመር ከባድ እንዳልሆነ፣ ትንሽ ድስት የሚያማስል ሰው በዚያው ማንኪያ ትልቅ ድስት ማማሰልም እንደማያቅተው አብራሩ። ወንድምየው ወዲያውኑ ሦስት ወንድ ልጆቻቸውን አስመዘገቡ። ሦስቱ ባለፈው ወር ተጋግዘው የጎረቤት ቴሌቪዥን በመስኮት ያወረዱት ናቸው። ሚስትየዋ የሥራ ባልደረባዋን መንታዎች፣ ሰብሳቢዋም የጎረቤታቸውን የልጅ ልጅ አስመዘገቡ። ሁሉም ወገን በመሆናቸው የክፍያ ነገር ማንሳት ነውር ነው ተባለ። የልጆቹ ቁጥር ስድስት ሲደርስ ደምበኛውም ኮሚቴውም ያው አንድ ሰው መሆኑን ያስተዋለ አልነበረም፤ ጸሐፊው አስተውሎ ነበር።

ኮሚቴው በስፋት ከተወያየ በኋላ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወስኗል፦

ውሳኔ አንድ። ጸሐፊው የሕፃናት ማቆያ ይከፍታል።

ውሳኔ ሁለት። ልጆቹ ተፈጥሮን እንዲማሩበት ጫጩቶቹም ይገባሉ። (ወንድምየው ይህ ካልገባ ድምፅ አልሰጥም ስላሉ።)

ውሳኔ ሦስት። በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልተከፈተ ጸሐፊው በወንድሙ መጋዘን ዕቃ ጠባቂ ሆኖ ይቀጠራል፤ ሕፃኗም ሰብሳቢዋ ቤት ሄዳ ታድጋለች።

ጸሐፊው ሦስተኛውን ውሳኔ ሁለት ጊዜ ሰርዞ እንደገና ጽፎታል። የስብሰባ ሥነ ሥርዓት የጸሐፊ ስሜት እንዲመዘገብ አይፈቅድም። ቢሆንም ይመዝገብ፤ ጸሐፊው ከልጁ መለየት አይፈልግም።

አጀንዳ 3፦ አስቸኳይ፣ በሕፃኗ የቀረበ

ከ7፡40 ጀምሮ ሕፃኗ መነጫነጭ፣ ከ7፡50 ጀምሮ ማልቀስ፣ በ8 ሰዓት ደግሞ መጮህ ጀመረች። የመኝታ ሰዓቷ አልፏል። አልጋዋ ላይ ስትተኛ ትነሳለች፤ ስትነሳ ትወድቃለች። ድምፅ የላትም የሚለው በዚህ ታርሟል።

የማስተኛ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሚስትየዋ አቅፋ ዘመረችላት፤ አልሆነም። ወንድምየው የመኪና ቁልፋቸውን ፊቷ ላይ አንቃጨሉ፤ ቁልፉን ከአፏ ለማውጣት ሁለት ሰው አስፈለገ። ሰብሳቢዋ ሁለት ሺህ ተማሪ ጸጥ ያሰኙበትን ድምፅ አውጥተው "ጸጥታ!" አሉ። ወንድምየው ጸጥ አሉ። ሕፃኗ ግን ባሰባት። ሰብሳቢዋ ተቀብለው ክንዳቸው ላይ አደረጓትና ክፍሉን ይዞሩ ጀመር።

"ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ቤት ስሆን ለምንድነው እንዲህ የምታስቸግረው?" አለች ሚስትየዋ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። "የሥራ ቀን እኮ ሁለት ሰዓት ሙሉ ትተኛለች ትለኛለህ። እኔን ጠልታ ነው?"

ታዛቢዋ ብድግ አሉ። ሰብሳቢዋ ልዩ ልዩ ገና አልደረሰም አሉ። ታዛቢዋ፣ "እማማ፣ ይቅርታ ያርጉልኝና ልዩ ልዩው እስኪደርስ ልጅቷ ልትፈነዳ ነው!" ካሉ በኋላ ወደ ጸሐፊው ዞረው፣ "አንተ ደግሞ ምን ይዘጋሃል? አትሠራላትም?" አሉ።

ጸሐፊው አባላቱ ሻያቸውን እንዲያነሱ በትሕትና ጠየቀ። የጠረጴዛውን ልብስ ገለጠ፤ ክዳኑን ከፈተ፤ ከጠረጴዛው ሆድ ውስጥ የስፌት መኪና አወጣ። ከመሳቢያው የተማሪ ቀሚስ መዞ ከመርፌው ሥር አስገባ፤ ከታች ያለውን የእግር ብረትም መርገጥ ጀመረ። መኪናው አሮጌ ስለሆነ ድምፁ ቀላል አይደለም። ሕፃኗ ጩኸቷን አቋረጠች። አንዴ ተንሰቀሰቀች፤ ዓይኗ ተንከራተተ፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጭንቅላቷ ሰብሳቢዋ ክንድ ላይ ወደቀ።

(ከዚህ በታች ያለው ጸሐፊው እግሩም እጁም ተይዞ ስለነበር በኋላ ከትውስታ የተጻፈ ነው። ውይይቱ በሹክሹክታ ተካሂዷል።)

ሚስትየዋ ይህ ዕቃ ምን እንደሆነ ጠየቀች። ጸሐፊው ጠረጴዛ ነው አለ። ከአራት ወር በፊት ሲገዛውም "ጠረጴዛ ገዛሁ" ማለቱ ውሸት እንዳልነበር፣ ሲታጠፍ በእርግጥም ጠረጴዛ መሆኑን አስረዳ። ሚስትየዋ፣ "ከሥሩ ያለው ብረት የእግር ማሳረፊያ ነው አላልከኝም?" ስትል ጸሐፊው እግሩ በዚያች ደቂቃም እዚያው ላይ መሆኑን አመለከተ።

ታዛቢዋ እንዲህ ሲሉ አብራሩ፦ ላውንድሪው የሚያሳጥር፣ የሚያጠብ፣ ዚፕ የሚቀይር ደምበኛ ሲመጣለት ልብሱን ወደ ሦስተኛ ፎቅ ይልካል። ጸሐፊው ሕፃኗ በምትተኛባት ሁለት ሰዓት ሠርቶ ያወርዳል። አሁን የሰው ልብስ በወረፋ ሆኗል።

ወንድምየው በጣም ተቆጡ፤ በሹክሹክታ ስለነበር ግን ቁጣቸው አላማረም። "ወንድሜ እኔ እያለሁለት የሰው ሱሪ ያሳጥር?" አሉ። ታዛቢዋ፣ ወንድምየው አሁን የለበሱትን ሱሪ ከሁለት ሳምንት በፊት ላውንድሪ አምጥተው አሳጥረው እንደወሰዱ፣ ያን ጊዜም "የዚህ ሰው እጁ ይባረክ፣ የት ነው ሱቁ?" ብለው እንደነበር አስታወሱ። ወንድምየው ጎንበስ ብለው የሱሪያቸውን ጫፍ ገልብጠው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያም "ያዋጣል" አሉ፤ ሦስት መኪና፣ አራት ሠራተኛና አንድ የቦርድ ሊቀ መንበር ቢጨመር የበለጠ እንደሚያዋጣም አከሉ። የሊቀ መንበሩ ማንነት አልተጠየቀም።

ሰብሳቢዋ ያለ ቃለ ጉባኤ ሥራ መጀመር ሕገ ወጥ መሆኑን አሳሰቡ።

"ለምን ደበቅከኝ?" አለች ሚስትየዋ።

"ብነግርሽ ለእማማ ትነግሪያለሽ" አለ ጸሐፊው። "እማማ ከሰሙ ስብሰባ ይጠራሉ።"

ሚስትየዋ ለአራት ወር ማታ ማታ "ዛሬስ ምን ስትሠራ ዋልክ?" እያለች ስትጠይቀው በልቧ ምን ታስብ እንደነበር አሁን ማስታወሱ እንዳሳፈራት ተናገረች። ልጇም እንዳልጠላቻት፣ የጎደለው የመኪናው ድምፅ ብቻ እንደሆነ በመረዳቷ ደስ እንዳላት ተናገረች። ቀጥላም የዛሬዎቹ ውሳኔዎች ሁሉ፣ ኮሚቴውም ጭምር፣ እንዲሻሩ ሐሳብ አቀረበች። ወንድምየው ከጫጩቶቹ በስተቀር ተስማሙ። ጫጩቶቹንም ጨምሮ ተብሎ ሲነገራቸው ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ።

የቀረው የሰብሳቢዋ ድምፅ ነበር። ሰብሳቢዋ የልጅቷን ጭንቅላት ክንዳቸው ላይ አስተካከሉ። ከዚያ በስብሰባ አነጋገር ሳይሆን በራሳቸው አነጋገር፣ "እሷ እኔ ቤት ትደግ ያልኩት ሥራ ስለሌለህ አይደለም፣ ልጄ" አሉ። "ቤቴ ጭር ብሎብኝ ነው። ስብሰባ ካልጠራሁ ማን ይሰበሰብልኛል?"

ጸሐፊው በዚህ ላይ ድምፅ ስለሌለው አስተያየት ብቻ ሰጠ፤ ከሰኞ ጀምሮ በየቀኑ በ7፡30 ያለ አጀንዳ ይምጡ፤ እኔ እሰፋለሁ፣ እርስዎ ያቀፏታል። ሰብሳቢዋ "ያለ አጀንዳ?" ብለው ጠየቁ። ያለ አጀንዳ ተባሉ። ቃሉን ለመልመድ ሁለት ጊዜ ደገሙት፤ ከዚያም የሚስትየዋን ሐሳብ ደገፉ።

በዚህም መሠረት በሁለት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ውሳኔ አንድ፣ ሁለትና ሦስት እንዲሻሩ፣ ኮሚቴውም እንዲፈርስ ተወሰነ። ስብሰባው በ9፡05 ተዘጋ።

ፊርማ፦

አባል፦ ሚስትየዋ (ፈርማለች)

አባል፦ ወንድምየው (ፈርመዋል፤ መኪናቸው ውስጥ የነበሩትን ሁለት ሱሪና አንድ ኮትም አውጥተው አስረክበዋል)

ሰብሳቢ፦ አልፈረሙም። ሕፃኗ በሚፈርሙበት ክንዳቸው ላይ ስለተኛች እጄን አላንቀሳቅስም ብለዋል። በሰብሳቢ ያልተፈረመ ቃለ ጉባኤ የማይጸና መሆኑን ጸሐፊው ሲያስታውሳቸው፣ "እንግዲያውስ ዛሬ እዚህ ቤት ምንም አልተወሰነም፤ ዝም ብለህ እርገጥ" ሲሉ በሹክሹክታ አዘዋል።